ሲያሸንፍ የከተማው፣ ሲበደር የማንም

ክለባችን ፈርሷል። ይኼ አይገርምም፤ በዚህ አገር ክለብ ሲፈርስ የመጀመሪያው አይደለም። እኛን ያንገበገበን ለመፍረስ ዓመት ሙሉ መፍጀቱ ነው። አንድ ደፋር ጥቅምት ላይ ወጥቶ «በቃ፣ ብር የለም» ቢለን ኖሮ አልቅሰን፣ ተሳድበን ወደየቤታችን እንገባ ነበር። ማን ይበለን! «በሂደት ላይ ነው» ተባልን። ኅዳር ላይ በሂደት ላይ ነው፣ ጥር ላይ በሂደት ላይ ነው፣ መጋቢት ላይም በሂደት ላይ ነው። ሂደቱ ሳያልቅ ክለቡ አለቀ።

እንደ አብዛኞቹ የከፍተኛ ሊግ ቡድኖች የኛም የሚኖረው በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው። ብሩ እስኪወጣ ድረስ ተጫዋች ይፈርማል፣ አሠልጣኝ ይቀጠራል፣ አውቶቡስ ይከራያል፣ ሁሉም በዱቤ። ስፖርት ጽሕፈት ቤት ስንሄድ «ፋይናንስ ጠይቁ»፤ ፋይናንስ ስንሄድ «ከንቲባው ይፈርሙበት»፤ ከንቲባው ጋ ስንሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሁሌ ስብሰባ ላይ ናቸው። ወደ ከፍተኛ ሊግ ያደግን ዕለት ግን ስብሰባ አልነበራቸውም፤ ፒካፕ ላይ ቆመው ዋንጫውን ከአምበላችን እጅ ተቀብለው እስኪመሽ አልመለሱለትም። ያኔ ክለቡ የከተማው ነበር። ዕዳው ሲመጣ የማንም አልሆነም።

ጨዋታውንስ አይተነው ነው? ከ2013 ወዲህ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ ይካሄዳል፤ ስለዚህ «ባለሜዳ» የምንባለው የአንድ ቀን መንገድ ርቀን ነው። ባለሜዳ! ሜዳው የሰው፣ ከተማው የሰው፣ ከጎሉ ጀርባ የሚጮኸው ሕዝብ የሰው። የኛ የሆነው ስማችን ቀድሞ መጻፉ ብቻ። እኛ እዚህ ካፌ ቁጭ ብለን ከቡድኑ ጋር የሄደው ልጅ ካርድ ሞልቶ እስኪደውልልን እንጠብቃለን። ከፊታችን በትልቁ ስክሪን አርሰናል ይጫወታል። የለንደኑን ቡድን ላቡ ሲንጠባጠብ እናየዋለን፤ የራሳችንን በወሬ እንሰማዋለን።

አንድ ጊዜ ብቻ ተዋጥተን ሄድን፤ ባንሄድ ይሻል ነበር። ቡድኑ ያረፈበት ሆቴል ሒሳቡ ስላልተከፈለ ሻንጣውን ይዟል። ሻንጣው ውስጥ ማሊያው አለ። ከገበያ ቁጥር የሌለው ቀይ ካናቴራ ተገዛ፤ የቡድኑ ወጌሻ ለቁስል የተያዘውን ነጭ ፕላስተር እየቆረጠ በየጀርባው ቁጥር ለጠፈበት። ከዕረፍት በኋላ ዝናብ ጣለ። የ8 ቁጥራችን ፕላስተር በግራ በኩል ተላጠና 3 ሆነ። እሱ ሰው ጠልፎ ሲጥል ዳኛው ቢጫ አውጥቶ «3» ብሎ ጻፈ። ጥቂት ቆይቶ እውነተኛው 3 ቁጥራችን፣ በሰው ላይ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ጨዋ ልጅ፣ ማሊያ ጎተተ ተብሎ ቢጫ ተመዘዘበት። ሁለተኛው ነው፣ ውጣ! ሁለቱም ጀርባቸውን አዙረው ቆሙ። ዳኛው አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን አየ። ሁለቱም 3። ልጁ ወጣ። ላባችንን ጠርገን ልንጮህ ስንል ሦስተኛው ጎል ገባብን።

ደመወዝ? አምስት ወር ሙሉ አልተከፈለም። በ2011 ክረምት የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ተብሎ ሲወሰን ሰፈሩ ሁሉ ተሟግቶበታል። ጣሪያው ለኛ ምናችን ነው? ወለሉን ነበር ያጣነው። ግብ ጠባቂያችን ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት ባጃጅ ይዞ ይውላል። በኋላ ልምምዱን ተወው፤ ባጃጁ ይከፍላላ! አልፈረድንበትም። የመጨረሻውን ጨዋታ የጀመርነው በዘጠኝ ሰው ነው። ከሰባት ካነሰ ጨዋታው አይጀመርም፤ እኛ ሁለት ሰው ተርፎናል ብለን ተጽናናን።

መዋጮውንማ አታንሱብኝ። ለጎማ አዋጣን። ለኳስ አዋጣን። ለአምቡላንስ አዋጣን፤ አምቡላንስ ካልቆመ ጨዋታ የለም። ለተያዘው ሻንጣ ማስለቀቂያ አዋጣን፤ ሻንጣው ተለቅቆ ሲከፈት ግማሹ ማሊያ የለም። ደረሰኝ ስንጠይቅ ምን እንደተባልን ታውቁታላችሁ።

ነሐሴ ላይ ደብዳቤው መጣ፤ ቡድኑ «ላልተወሰነ ጊዜ» እንዲቆም ተወስኗል። ዓመት ሙሉ ብዕር ያልነካው እጅ ለዚህኛው በአንድ ቀን ፈረመ፣ ማኅተሙም አልጠፋም። አሁን ባገኘን ቁጥር የሚያጽናናን አይጠፋም። «አይዟችሁ፣ ንግድ ባንክም በ2009 ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዶ ፈርሶ ነበር፤ ተመልሶ በ2016 ሻምፒዮን ሆነ አይደል?» ሆነ። እሱ ግን ባንክ ነው፣ ጌታዬ! እኛ ያለን ደብዳቤ ነው።

ቶምቦላውም አለ። ለፋሲካ ዕጣ ይወጣል ብለን በግ ገዝተን ትኬት ሸጠን ነበር። ሙክት ተወዷል ተብሎ እንስት በግ ተገዛች። ዕጣውን የክለቡ የቦርድ ሰብሳቢ በተገኙበት ይውጣ ተባለ፤ እሳቸውም ስብሰባ ላይ ናቸው። በጓ ገንዘብ ያዣችን ግቢ ስድስት ወር ስትቀለብ ቆይታ ባለፈው ሳምንት መንታ ወለደች። ገንዘብ ያዣችን ግልገሎቹ የኔ ናቸው ይላሉ፣ መኖውን የቻልኩት እኔ ነኝ እያሉ። ባለ ትኬቶቹ ደግሞ ከነግልገሎቿ ካልሆነ አንቀበልም ብለው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄደዋል። ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።