ማን ልበል?

የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባዬ ሥራ አስኪያጁ በስልክ ሲፈልጉት ከወንበሩ ብድግ ይላል። መነሳቱስ ባልከፋ፤ ነጻ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ "አቤት ጌታዬ… እሺ ጌታዬ… ኧረ ችግር የለም ጌታዬ" እያለ ለካልኩሌተሩ እጅ ይነሳል። ሥራ አስኪያጁ ያሉት ላይኛው ፎቅ ነው፤ በመካከላቸው ኮንክሪት አለ። "ማን ሊያይህ ነው እንዲህ የምታጎነብሰው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ድምፄ እንዲያጎነብስ ነዋ!" አለኝ። ለቀልድ የተናገረው ይመስላል እንጂ እውነቱን ነው። ተደላድሎ የተቀመጠ ሰው "እሺ" እና የቆመ ሰው "እሺ" አንድ አይደሉም፤ አለቃ የሆነ ሰው ደግሞ ልዩነቱን በጆሮው ይመዝናል።

ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ የስልኩ አይደለም። የእኛ ንግግር ግማሹ ፊታችን ላይ መሆኑ ነው። ቅንድብ ከፍ ሲል "አዎ" ነው። ከንፈር ሲመጠጥ "አይ የሰው ነገር" ነው። ትንፋሽ አጠር ብሎ ወደ ውስጥ ሲሳብ ደግሞ "አዎ፣ ገብቶኛል፣ ቀጥል" ነው። ቅንድብ በስልክ አይሄድም። ትንፋሹ ግን ይሄዳል፤ መከራው እሱ ነው። የግዥ ክፍሏ እህታችን ከአንድ የውጭ አገር ዕቃ አቅራቢ ጋር ስለ ማተሚያ ቀለም ዋጋ በእንግሊዝኛ ስትነጋገር፣ ሰውዬው አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር "ህእ" ብላ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። ሰውዬው ደነገጠ። አንዳች ነገር የወጋት ሳይመስለው አልቀረም፤ ወሬውን አቁሞ "ደህና ነሽ?" አላት። እሷ ሰላምታ መሰላት። እስካሁን ያለ ሰላምታ ወደ ዋጋ ዘሎ የገባ ሰው አሁን ገና ሰው ወጣው ብላ ደስ አላት፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ ደህና ነህ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?" ብላ መለሰች። ዋጋው እንደገና ተነሳ፤ እንደገና ትንፋሽ፤ እንደገና የጤና ጥያቄ። በመጨረሻ ሰውዬው "በኢሜይል እንጻጻፍ" አለ። ለጤንነቷ አስቦ ይመስለኛል።

አፄ ምኒልክ ስልክን ሲያስገቡ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙ ይነገራል። ከ1888ቱ የአድዋ ድል በኋላ ብዙም ሳይቆይ መስመሩ ሐረርንና አዲስ አበባን አገናኘ፤ ክርክሩም አለቀ። እኔ ግን በእነዚያ ካህናት አልስቅም። ፊት የሌለው፣ እግር የሌለው፣ ደጅ ሳይጠና፣ "ቤቶች" ሳይል በቀጥታ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ሌላ ምን ሊባል ነበር? በተለይ ስለ ግብር የሚጠይቅ ከሆነ።

ከሁሉ የሚብሰው ማንነቱ ያልታወቀ ድምፅ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ለማያውቀው ሰው "ቆይ" ለማለት እንኳ ቀድሞ ብዙ ነገር መወሰን አለበት፤ ወንድ ነው ሴት፣ ታላቅ ነው ታናሽ፣ "አንተ" ቢባል ይቀየማል ወይስ "እርስዎ" ቢባል አረጀሁ እንዴ ብሎ ያዝናል። ፊት ለፊት ከሆነ ዓይን ይህን ሁሉ በአንድ አፍታ ይጨርሰዋል። በስልክ ግን በእጅህ ያለው "ሃሎ" ብቻ ነው፤ ሃሎ ደግሞ ጾታም ዕድሜም የለውም። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ነበረን፤ ቀጭን ድምፅ ሰምቶ "እሺ እናቴ፣ ምን ልታዘዝ እናቴ፣ አንዴ ይጠብቁኝ እናቴ" ሲል ቆየ። ወዲያ ማዶ ያሉት ሰው በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ፣ "ልጄ፣ እናትህን ዕድሜ ይስጥልህ፤ እኔ ግን አቶ እከሌ ነኝ፤ የውሉ ጉዳይ ነበር" አሉት። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ይቅርታ፣ ኔትወርኩ ነው።" እዚህ አገር ኔትወርክ ያልተሸከመው ኃጢአት የለም፤ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልተነሳ ስልክ፣ የተቀረበት ስብሰባ፣ አሁን ደግሞ የአንድ አዛውንት ወንድነት።

ከዚህ ጣጣ ያመለጠችው የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ብቻ ናት። ስልኩን ታነሳና "ማን ልበል?" ትላለች። አንተም የለበት፣ አንቺም የለበት፣ እርስዎም የለበት። ቀጥላ "ከየት ነው?"፤ ከዚያ "ጉዳዩ ምን ነበር?"፤ ከዚያ "ትንሽ መስመር ላይ መቆየት ይቻላል?" እንዲህ ማንንም ሳትነካ፣ ማንንም ሳታስቀይም፣ ስም እስኪወጣ ድረስ ትጓዛለች። ስሙ ደስታ የሆነ ዕለት ግን ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

እሷም ብትሆን የማትወጣው ነገር አለ፤ አለቃ እያሉ የሉም ማለት። ሰው ሁሉ የስልኩን አፍ በመዳፉ ሲከድን ወሬው የሚቀር ይመስለዋል። አይቀርም። አንድ ቀን ከጀርባዋ ያለው ወፍራም ድምፅ "የለም በይው! መስክ ወጥቷል በይው!" ሲል ደዋዩ ሰምቶ፣ "ግድ የለም እህቴ፣ ራሳቸው ካሉማ አምናለሁ፤ ነገ እደውላለሁ" ብሎ በክብር ዘጋ።

ስም ማስጻፍ ሌላ ዓለም ነው። ፊደሎቻችን ለጆሮ አንድ፣ ለዓይን ብዙ ናቸው፤ ቼክ ላይ የሚጻፍ ስም ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አንጋፋዋ ጸሐፊያችን እትዬ በዚህ ወደር የላቸውም። ሥራ የጀመሩት ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ከመግባቱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በቢሮ ስልክ መደወያ ላይ ትንሽ ቁልፍ በሚንጠለጠልበት ዘመን ነው፤ ቁልፉ ያለው ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው። አንዴ የደወለ ለዚያው ጉዳይ ሁለተኛ አያስከፍትም፤ ስለዚህ ፊደል ሁሉ በመጀመሪያው መግባት አለበት። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያሉ ሲያስጽፉ ድቁና የሚያስተምሩ ይመስላሉ። ባለፈው "ኃይሉ፣ በብዙኃኑ፤ ሣህሌ፣ ንጉሡ" ብለው ለአንድ ወጣት ገንዘብ ያዥ አስጻፉ። ወጣቱ ብዙኃኑን አልፎ ንጉሡን ያዘ። ቼኩ "ኃይሉ ሳህሌ ንጉሡ" ተብሎ፣ ሠው ጠፍቶ አያት ተጨምሮለት ወጣ።

ወጣቶቹም በላቲኑ ፊደል ከዚህ አይሻሉም። ከጠረጴዛዬ ማዶ አንዱ የኢሜይል አድራሻ ሲያስጽፍ፣ አንዱን ወገን ከራሱ፣ ሌላውን ወገን ከድምፅ ማጉያው የሰማሁት እንዲህ ነበር።

"ኤም።"

"ኤን?"

"ኤም! ኤም ለማሞ!"

"ለማሞ? በኤል ነው?"

"ማሞ! ማሞ!"

"እሺ አልኩህ እኮ፤ ሁለት ጊዜ ማሞ።"

ወደ ቢሮ ዕቃ የሚያመጣ ሞተረኛን መንገድ ማሳየት ግን የሁሉም አለቃ ነው። አዲስ አበባ ቤት የሚፈለገው በቁጥር አይደለም፤ በሥጋ ቤት፣ በመድኃኒት ቤትና በሕንፃ ቀለም ነው። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ምልክቶቹ ሄደው እኛ ቀረን። የንብረት ክፍሉ ሰው ስልኩን ትከሻውና ጆሮው መሀል ሸጉጦ፣ "ከኡራኤል ወደ ላይ ስትመጣ ሥጋ ቤቱን ታውቀዋለህ?" ይላል። "የቱን?" "የፈረሰውን!" ሞተረኛው የሌለ ሥጋ ቤት ሲፈልግ ይቆይና መልሶ ይደውላል። ያኔ ሰውዬው ከወንበሩ ይነሳል፤ እጁን ዘርግቶ "በዚህ በኩል ታጠፍ! በዚህ!" እያለ ለግድግዳው መንገድ ያሳያል። "በየትኛው?" ይላል ስልኩ። "በዚህ ነው የምልህ፣ አይታይህም?" አይታየውም። ንትርኩ በጋለበት መሀል ጥበቃው በሩን ገፋ አድርጎ፣ "ይቅርታ፣ አንድ ሞተረኛ በር ላይ ቆሞ በስልክ ሰው ይሳደባል፤ ላባርረው?" አለን።

ዕዳ መጠየቅም አለ፤ እሱ የሚያስቅ እንኳ አይደለም። አንድ ደንበኛችን የጥሪ ማሳመሪያው ስለ ምሕረት የሚናገር መዝሙር ነው። ሰብሳቢያችን ተቆጥቶ ይደውላል፤ መዝሙሩን ይሰማል፤ ቁጣው ይበርዳል፤ አማትቦ ይዘጋል። ደንበኛው ስልክ አንስቶ አያውቅም፤ ለምን ያነሳል?

ስንብቱን ሁሉም ያውቀዋል። "እሺ፣ በቃ፣ እሺ፣ ቻው፣ እሺ፣ ሰላም ሁኑ፣ ቻው ቻው፣ እሺ።" ታላቅ ላይ ቀድሞ መዝጋት ነውር ስለሆነ፣ ታላቅየው ደግሞ መዝጊያው የት እንዳለ ስለማያገኙት፣ ስንቱ ስልክ ክፍት ሆኖ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ስለ ታናሹ የተባለውንም ታናሹ ከኪሳቸው ሰምቷል።

ወጣት ባልደረቦቻችን ይህን ሁሉ አይተው መደወሉን ትተዋል። ከደወሉም አስቀድመው በቴሌግራም "ልደውል?" ብለው ይጽፋሉ። ሥልጡን ነገር ነው። ችግሩ፣ በእኛ ዕድሜ ላለን ሰዎች ተለሳልሶ የሚመጣ ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ መርዶ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ቢሮ የሚደወለው ለባለ መርዶው ሳይሆን አጠገቡ ላለው ወንበር ነው፤ "ምንም ሳትነግሩት ቀስ ብላችሁ ቤት አምጡት" ተብሎ። ስለዚህ ሰው ድምፁን ዝቅ ባደረገልን ቁጥር ልባችን ዝቅ ይላል።

በቀደም ዕለት ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ፣ ከአዲሷ ልጅ "ጋሼ፣ ሲመችዎት ልደውልልዎት እችላለሁ?" የሚል መልእክት ደረሳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። መልሰው አጠለቁና አነበቡት። መልስ አልጻፉም። ኮታቸውን ደርበው፣ ሁለት ተሸካሚዎች ግራና ቀኝ አስከትለው ደረጃውን ወጡና ጠረጴዛዋ ፊት ቆሙ።

"ልጄ፣ አታድክሚኝ። ማን ነው?"

"ምኑ ጋሼ?"

"የሞተው!"

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። "ኧረ ማንም አልሞተም ጋሼ! የፎቶ ኮፒ ወረቀት አልቆብን ነው።"

ጋሼ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ላባቸውን ጠረጉ። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

"ስንት ደስጣ?"