ዶሮዋን ከነላባዋ

«የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ ይሸመደዳል እንጂ አይበለትም!» አለ ሸምዳጁ ወዳጄ፣ ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ። ስሙልኝማ! ዶሮ ከነላባዋ የዋጠ ሰው ስለ ወጥ አሠራር ሊያስተምረን ነው።

እሱ አንድ ቃል የሚይዘው ሃያ ጊዜ ጽፎ ነው። ፈተናው ሲያልቅ ቃሉ ቀድሞት በሩ ላይ ይደርሳል። ይህንን ሽምደዳ ይለዋል። እኔ ሽርደዳ ነው የምለው፤ ቃሉ እየሸረደደው ነዋ!

እስቲ አንተ ሰው፣ እናትህ ዶሮ ሲገነጥሉ አይተህ አታውቅም? 12 ብልት! መላላጫው ለብቻው፣ ፈረሰኛው ለብቻው። ቢላዋው መገጣጠሚያውን ፈልጎ ይገባል እንጂ አጥንት አይፈልጥም። ቃልም እንደዚያው ነው። «ቴሌ» በግሪክ ሩቅ ማለት ነው። ቴሌስኮፕ፣ የሩቅ ማያ። ቴሌፎን፣ የሩቅ ድምፅ። ቴሌብር፣ የሩቅ ብር! የመጨረሻው ሳላጠናው ነው የገባኝ፤ ብር መቼ ቀርቦኝ ያውቃል?

«እኛ እንዲህ ያለ ነገር አልለመድንም!» አለ። ጎበዝ፣ ሰማችሁ? «አል»፣ «ለመድ»፣ «ን»፣ «ም»። አራት ብልት ባንድ ጉርሻ! መገንጠል አልለመድንም ለማለት አራት ቁራጭ ገጣጠመላችሁ። ቅኔ ቤቱ ግስ ሲያወርድ፣ አንዱን ቃል ለሰምም ለወርቅም ሲሰነጥቅ በኖረበት አገር ተወልዶ፣ ለእንግሊዝኛ ሲሆን ቢላዋው ይዶለዱማል።

ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ታሪኩ ሳይቀር በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። «ፎቶሲንተሲስ» ይባላል። ምስኪን፣ ቅጠሉ ፎቶ ሊነሳ ፀሐይ ላይ የቆመ ይመስለዋል። እንደኔ ወዳጅ ዓይነቱ መምህር ደግሞ «ሃያ ጊዜ ጻፈው» ይለዋል። ፎቶ ብርሃን፣ ሲንተሲስ ማጣመር ነው ብትለውኮ ልጁ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፦ «ብርሃን አስተፃምሮ!» ታች ክፍል የተማረው ራሱ ነዋ! ቀድሞ የሚያውቀውን ሰው እንደ እንግዳ አስተዋወቅከው።

አሁን ወዳጄ ተነሣ። «እሺ፣ ‹ካርፔት›ን በልታት! ካር መኪና፣ ፔት የቤት እንስሳ። ምንጣፉ መኪና የሚነዳ ውሻ ሊሆን ነው?» ሰዉ ሳቀ። ሳቁለት፣ ከስንት ጊዜ አንዴ ነው የምታገኙት። ግን ወንድሜ፣ ወንበርን «ወን» እና «በር» ብለህ ገንጥለህ በየትኛው በር ልትገባ ነው? መገጣጠሚያ በሌለበት ቢላዋ የሚያሳርፍ የሚበልተው ጣቱን ነው። ቁራጯ ሌላም ቃል ውስጥ ያንኑ ትርጉም ይዛ ከተገኘች ብልት ናት። ካልተገኘች ስብርባሪ ናት። አስተማሪ የሚያስፈልገው ይሄን ለማሳየት ነው፤ ሃያ ማስጻፍማ አለንጋም ይችላል።

ደግሞ ባለቤቶቹስ መች ከስህተት ተረፉ? ሀምበርገር የሐምቡርግ ልጅ ነው፤ እንደኛ ጎንደሬ፣ ጎጃሜ። እነሱ «ሀም» ስትል የአሳማ ሥጋ መሰለቻቸውና ቆርጠው ጣሏት። «በርገር» ብቻውን ቀረ። ቺዝ ጫኑበት፣ ዶሮ ጫኑበት፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጾም አስያዝነው። «ቡርግ» ደግሞ በጀርመንኛ ምሽግ፣ ቅጥር ያለው ከተማ ነው። ስለዚህ የጾም በርገር ያዘዝክ ዕለት የበላኸው የጾም ከተሜ ነው። እግዜር ይፍታህ።

«አየህ፣ መበለት ያሳስታል!» ብሎ ጮኸ። ሳይችሉ መበለት በል! እኛም ኤጲስ ቆጶስ ብለን ለሁለት ከፍለን እንጽፋለን። የግሪኩ መገጣጠሚያ ግን አንድ ፊደል ቀደም ይላል፤ «ኤጲ» በላይ፣ «ስኮፖስ» ተመልካች። «ስ»ን ለጎረቤት ዳርናት። ይህቺው «ስኮፖስ» ናት ማይክሮስኮፕ ውስጥ የገባችው። አንዱ መንጋውን ያያል፣ ሌላው ተሐዋሲውን። አንተ ሁለቱንም ለየብቻ ስትሸመድድ ዘመዳሞች መሆናቸውን ማን ይንገርህ?

ይሄኔ ነደደው። ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፦ «እስቲ ይሄንንስ በልት!» ስጠብቀው የነበረውን ራሱ አመጣልኝ። ጠረጴዛ ከግሪኩ «ትራፔዛ» የመጣ ነው። መነሻው ባለ አራት እግር ማለት ነው። ጂኦሜትሪ ላይ ያንቀጠቀጠህ ትራፔዚየም ደግሞ «ትንሽዬ ጠረጴዛ» ነው። አየህ ጉድህን፣ ዘመንህን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተህ ጠረጴዛ ስትሸመድድ ኖረሃል!

አላመነኝም። ጎንበስ ብሎ እግሮቹን ቆጠረ። ሦስት እግርና አንድ ጡብ።