ላፕቶፕ በቁም ሣጥን

አሜሪካ ውስጥ ጋራዥ ማለት መኪና የማይገባበት ክፍል ነው። መኪናው ደጅ ዝናብ ይመታዋል፤ ውስጥ ደግሞ የፕላስቲክ የገና ዛፍ፣ የተበላሸ የሣር ማጨጃና «አንድ ቀን እሠራበታለሁ» ተብሎ የተከማቸ ጣውላ ተመችቶት ይኖራል። አልፎ አልፎ ከዚህ ሁሉ ኮተት መሀል ቁመቱ ከሰው የሚተካከል፣ ፊቱ ላይ መስኮት የተበጀለት፣ ደረቱ ላይ ጆይስቲክና ባለ ቀለም ቁልፎች የተደረደሩበት ሣጥን ብቅ ይላል። ሠሪው ፀጉሩ ሸብቷል። ሚስቱ «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀው «ለልጆቹ ነዋ!» ይላል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ናቸው።

ሰውየው የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በየመጠጥ ቤቱና በየፒዛ ቤቱ ጥግ ቆሞ ሳንቲም ሲውጥ የነበረውን የአርኬድ ማሽን ነው። የዚያን ዘመን ርኃብ ለማወቅ የ«ፖንግ»ን ታሪክ መስማት ይበቃል። አታሪ የተባለው ኩባንያ በ1972 ካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ የመጀመሪያውን ማሽን ተከለ። ብዙም ሳይቆይ «ተበላሽቷልና ኑ» የሚል ጥሪ መጣ። የሠራው መሐንዲስ አላን አልኮርን ሄዶ ሲከፍተው የማሽኑ በሽታ ጥጋብ ሆኖ ተገኘ፤ የሳንቲም ማጠራቀሚያው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህ ናፍቆት ላይገባው ይችላል። የእሱ ልጅነት ጆተኒ ነው፤ ቀጥሎም በጨዋታ ሒሳብ የሚከፈልበት፣ «አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ!» የሚባልበት ፕሌይስቴሽን ቤት። ሳንቲም እየጎረሰ የሚያጫውተውን ሣጥን ያየው በፊልም ነው። የአሜሪካው ሽበታም ግን በዚያ ሣጥን ፊት የምሳ ገንዘቡን ጨርሷል፤ አሁን ደግሞ ቅዳሜና እሑዱን ሊጨርስበት ነው።

ዋናውን ማሽን ፈልጎ መግዛት ይቻላል። ችግሩ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ የስክሪኑ ቱቦም እንደ ድሮ ቴሌቪዥን በሺህ የሚቆጠር ቮልት አጠራቅሞ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ሳይቀር ሊነዝር ይችላል። ስለዚህ ብልኁ ሰው ኤምዲኤፍ ቆርጦ ሣጥኑን ራሱ ይሠራል። ከዚያ «ውስጡ ምን ይግባ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ የተኛው ላፕቶፕ ትዝ ይለዋል። ማጠፊያው ተሰብሯል፤ ከኪቦርዱ ሁለት ፊደል ወልቋል፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ነፍሱ አብራ ትወጣለች። ይህ ዕቃ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ቢደርስ ኖሮ ስክሪኑ ለአንዱ፣ ራሙ ለሌላው ደርሶ እስከ ማታ አጥንቱም አይገኝም። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ለመጣልም ለመጠገንም ሳይወሰንለት ዓመታት ይተኛል።

በዚህ ነገር የተራቀቁ ሰዎች ላፕቶፕ ሲባል ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ለእነሱ ሣጥኑ ውስጥ መግባት ያለበት ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ዋናው ስክሪን፣ ቢቻል ዋናው አቧራ ነው። ታሪኩ ግን አይደግፋቸውም። ኒንቴንዶ «ሬዳር ስኮፕ» የሚባል ጨዋታ የተጫነባቸው 3,000 ያህል ማሽኖች ወደ አሜሪካ ልኮ፣ ሁለት ሦስተኛው ሳይሸጥ መጋዘን ቀረበት። ሽገሩ ሚያሞቶ የተባለ ወጣት ዲዛይነር አዲስ ጨዋታ እንዲያስብ ታዘዘ፤ ሣጥኖቹ ሳይጣሉ ሆድ ዕቃቸው ተለወጠና በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» ሆነው ወጡ። ዓለም ማሪዮን ያወቀው የከሰረ ሣጥን ሆድ ዕቃው ተለውጦ ነው። ከዚያ ወዲህም የአርኬድ ሣጥን እንደ ኪራይ ቤት ነበር፤ ባለ ሱቁ የሰለቸውን ጨዋታ ያስወጣል፣ አዲሱን ያስገባል። ይባስ ብሎ ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2004 ያወጣው «ታይፕ ኤክስ» የተሰኘ የአርኬድ ማሽን ውስጡ ሲከፈት ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ኮምፒውተር ነው። በ2008 በየአርኬድ ቤቱ የገባው «ስትሪት ፋይተር 4» የሠራውም በዚሁ ማሽን ሁለተኛ ትውልድ ላይ ነው። ዋናው ራሱ ኮምፒውተር ከሆነ፣ ላፕቶፑን ማን ይከለክለዋል?

አቅምም አያንሰውም። በ1980 የወጣው «ፓክማን» የሚንቀሳቀሰው ዜድ80 በሚባል ፕሮሰሰር ነው፤ ፍጥነቱ 3 ሜጋኸርትዝ ገደማ። ያ ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፕ ከ2,000 ሜጋኸርትዝ በታች መሮጥ ነውሩ ነው። ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ በ1997 የለቀቀው «ሜም» የተባለ ፕሮግራም ደግሞ የድሮዎቹን ቺፖች ጠባይ አስመስሎ ይሠራል። ከነሕመማቸው ነው ታዲያ። ፓክማን ደረጃ የሚቆጥረው በስምንት ቢት ስለሆነ 256ኛው ላይ ሲደርስ ሒሳቡ ይምታታበትና የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በፊደልና በቁጥር ትርምስ ይሞላል። በጊጋባይት የሚቆጠር ሜሞሪ የታቀፈው ላፕቶፕም እዚያ ሲደርስ በታማኝነት አብሮ ይቃዣል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጡት ባለ ሦስት ገጽታ ጨዋታዎች ግን ያስለፉታል፤ እነሱን መተው ነው።

እንግዲህ ጣጣው የጉልበት አይደለም። ላፕቶፕ የተሠራው ሰው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ እንዲነካካው ነው፤ ሣጥን ውስጥ ሲቆለፍበት ያኮርፋል።

የመጀመሪያው ኩርፊያ የማብሪያው ነው። ማብሪያው ያለው ኪቦርዱ አጠገብ፣ ኪቦርዱ ያለው ሣጥኑ ውስጥ፣ ሣጥኑ ደግሞ በብሎን ተጠርቅሟል። እጁ የማይፈራ ሰው ላፕቶፑን ፈትቶ ከማብሪያዋ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ በብየዳ ያወጣና ሣጥኑ ጀርባ ላይ ካስቀመጠው ቁልፍ ጋር ያገናኛል። የሚፈራ ሰው የላፕቶፑን ባዮስ፣ ማለትም የመነሻ ማስተካከያውን፣ ይፈትሻል፤ አንዳንድ የዴል ላቲቲዩድና የቲንክፓድ ሞዴሎች ቻርጀሩ ኃይል ሲያገኝ ራሳቸው እንዲነሡ ይታዘዛሉ። ዕድለኛ ከሆነ የግድግዳውን ማብሪያ ሲጫን መብራቱም ድምፁም ጨዋታውም አብረው ይነሣሉ።

ሁለተኛው ከሁሉም ያስቃል። ላፕቶፕ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ክዳኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ማግኔት ነው። የአርኬድ ሣጥን ደግሞ ትልቅ ስፒከር ይወዳል፤ ስፒከር ደግሞ ከጀርባው የሚሸከመው ማግኔት ነው። ሁለቱ ከተጠጋጉ ላፕቶፑ «ዘጉኝ» ብሎ ሊተኛ ይችላል። ሰውየው ኬብል ይቀይራል፣ ዊንዶውስ እንደገና ይጭናል፣ ላፕቶፑን የሠራውን ኩባንያ ያማል፤ መድኃኒቱ ግን ስፒከሩን አንድ ክንድ ማራቅ ነው።

ጆይስቲኩንና ቁልፎቹን የሚያገናኘው ዩኤስቢ ያለው አነስተኛ ሰሌዳ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ራሱን ለኮምፒውተሩ «ኪቦርድ ነኝ» ብሎ ያስተዋውቃል። «ሜም» ማንም ካልቀየረው ሳንቲም ማስገቢያውን የ5 ቁጥር ቁልፍ፣ ጀምር የሚለውን የ1 ቁጥር ያደርገዋል። አራተኛው የመምቻ ቁልፍ የግራው ሺፍት ነው፤ «ስትሪት ፋይተር 2» ላይ ይህ ቀላሏ ካልቾ ትሆናለች። ዊንዶውስ በበኩሉ፣ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ለሚቸግራቸው ሰዎች ብሎ ያዘጋጀው አገልግሎት አለው፤ የሚጠራው ሺፍት አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲጫን ነው። አሁን ትዕይንቱን ማየት ነው፦ ተጋጣሚው ጥግ ተይዟል፣ ሰውየው ቀላሏን ካልቾ እያከታተለ ነው፤ አምስተኛዋ ላይ ስክሪኑ መሀል ግራጫ ሳጥን ብቅ ይልና «እርዳታ ልስጥዎት?» የሚል መንፈስ ያለው ጥያቄ ያቀርባል። መልስ የሚሰጥበት ማውስ ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፏል። ተጋጣሚው፣ ማለትም የሚስቱ ወንድም፣ እስኪጠየቅ አይጠብቅም። ይህን አገልግሎት ከሴቲንግ ማጥፋት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ከመጀመሪያው ሽንፈት በፊት የሚያጠፋው ሰው ጥቂት ነው።

ስክሪኑ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የሚያምረውም የሚያሳቅቀውም እሱ ነውና። ፓክማን የተሠራው ለቆመ ስክሪን ነው፤ ከፍታው ከስፋቱ ይበልጣል። ባለ 15.6 ኢንቹ ላፕቶፕ ደግሞ ስፋቱ 34 ሳንቲሜትር ከምናምን፣ ከፍታው 19 ከምናምን ሆኖ እንደ ግንድ የተጋደመ ነው። ጨዋታው እዚያ ላይ ሲመጣ 15 ሳንቲሜትር የማይሞላ ስፋት ይይዝና ግራና ቀኙን አሥር አሥር ሳንቲሜትር ጨለማ ይተዋል። ከሰው የሚተካከል ሣጥን አናት ላይ የፖስት ካርድ ያህል ሥዕል! ስለዚህ ስክሪኑ ከላፕቶፑ ይገነጠልና ይቆማል፤ ማጠፊያው አስቀድሞ ስለተሰበረ ይህኛው ሥራ ቀሏል። ኬብሉ አጭር ስለሆነ ማዘርቦርዱ ከኋላው ተጣብቆ መቀመጥ አለበት።

ሲቆም ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። ብዙዎቹ የድሮ ላፕቶፖች ቲኤን የሚባለው ርካሽ ስክሪን ነው ያላቸው፤ ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ቀለሙ ይገለበጣል። ስክሪኑ ሲዞር ያ «ታች» ወደ ጎን ይሄዳል። መሀል የቆመው ተጫዋች ቢጫ ፓክማን ያያል፤ አጠገቡ ተራ የሚጠብቀው ደግሞ ስም ያልወጣለት ቀለም ያያል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የአሮጌ ዴስክቶፕ ሞኒተር ፈልጎ በኬብል መሰካትና ላፕቶፑን ከታች ማስተኛት ይሻላል። ያን ጊዜ ላፕቶፑ የሚፈለገው ለጭንቅላቱ ብቻ ይሆናል፤ እንዲያውም እሱ ነው ደህና የቀረው።

ጨዋታዎቹ ከየት ይመጣሉ ለሚል፣ ባለመብቶቻቸው አሁንም አሉ። «ሜም»ን ማውረድ ሕጋዊ ነው፤ ጨዋታዎቹን ከየትም መዝረፍ ግን አይደለም። «ሮቢ ሮቶ»ን እና «ግሪድሊ»ን የመሳሰሉ ጥቂቶች በባለቤቶቻቸው ፈቃድ ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት በነፃ ተለቀዋል። ሌሎቹን ኩባንያዎቹ ራሳቸው በስብስብ መልክ ሲሸጡ መግዛት ይቻላል።

የቀረው ባትሪው ነው፤ ቀልዱም እዚህ ላይ ያበቃል። መብራት በሚጠፋበት አገር የላፕቶፕ ባትሪ በረከት ነው፤ ጨዋታው መሀል ላይ አያቋርጥም። ነገር ግን ሊቲየም ባትሪ ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ በዚያ ላይ በተዘጋ የኤምዲኤፍ ሣጥን ውስጥ ሲሞቅ ያረጃል፣ ያብጣል፣ ሲብስም ሊቀጣጠል ይችላል። ያበጠ ባትሪ ኪቦርዱን ከሥር ወደ ላይ ሲገፋው ሰውየው አያየውም፤ በብሎን ዘግቶበታላ። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ እንጂ ለፓክማን የሚያንስ አይሆንም።

ስለዚህ መሳቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ካለ አትጣሉት፤ ለሣጥን ይበቃል። ባትሪውን አውጡ፤ ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከሣጥኑ ጀርባ ከታች ማስገቢያ፣ ከላይ ማስወጫ ቀዳዳ ብሱ። ዋናው የ1981 ማሽን እጃችሁ ከገባ ግን መጋዝ አታሳዩት፤ የሚጠግነው ሰው ፈልጉለት፣ ላፕቶፑንም ለኤምዲኤፉ ተዉት።