የብረት ነው?

በራችን ላይ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ያለ ክዳን ሦስተኛ ክረምቱን ሊይዝ ነው። የመጀመሪያው ክዳን ብረት ነበር፤ ሁለት ጎረምሳ ተጋግዞ የሚያነሳው። አንድ ሌሊት ሄደ። ቀጥሎ የኮንክሪት ክዳን መጣ። እሰይ፣ ድንጋይ ማን ይሰርቃል አልን። ለካ ሆዱ ውስጥ ፌሮ አለ! በመዶሻ ፈረካክሰው ፌሮውን መዘው ወሰዱ፤ ስሚንቶውን ለእኛ ተዉልን። አሁን ጉድጓዱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆሞበታል። እንግዳ ሰው ሲያልፍ ችግኝ የተከልን ይመስለዋል።

የውሃ ቆጣሪው ነገርማ አይነሳ። ናስ ነውና ይፈለጋል። በተነቀለ ሌሊት ውሃው መንገድ ለመንገድ ሲፈስ ያድራል፣ ጠዋት ባለቤቱ ለአዲስ ቆጣሪ ይከፍላል። ጎረቤቴ ተማርሮ ቆጣሪውን በብረት ሳጥን አስበየደበት። ሳጥኑ ራሱ ብረት መሆኑን ያሰበ አልነበረም።

ሌባውን ረግሜ ረግሜ ደክሞኛል። ይልቅ የሚያንገበግበኝ በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ የሚሆነው ነው። የጉድጓድ ክዳን ትራስ ሥር አይደበቅም፤ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በኪሎ ይታሰባል፣ ብር ይከፈልበታል። ገዢው እንዲህ ያለ ዕቃ ከማንም ጓዳ እንደማይወጣ ያውቃል። ቆራሌውን በጅምላ አልወቅስም። ማዳበሪያ ተሸክሞ እየተጣራ እኛ የጣልነውን የሚለቅም ሠራተኛ ነው፤ ምናለሽ ተራም ባይኖር የስንቱ ቤት የከሰል ምድጃ ከየት ይመጣ ነበር? ግን ሰባራ ድስቴና የተሰረቀው ክዳን እዚያው ሚዛን ላይ ሲገናኙ የሚጠይቅ የለም።

ሕግማ ሞልቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ የገዛውን ይቀጣል። ለመብራትና ለቴሌ መስመር ደግሞ አዋጅ ቁጥር 464/1997 አለ፤ ቅጣቱም ጽኑ እስራት ነው። አዋጁ ከወጣ ሃያ ዓመት አለፈው፤ የከፍተኛ ኃይል ምሰሶ ግን ዛሬም ብረቱ እየተፈታ ይወድቃል፣ በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ከኬብል ቆራጭ አልዳነ። ጉዱ ያለው «እያወቀ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። መዳቡ ፕላስቲኩ ተቃጥሎለት ይመጣል፤ የቴሌ ይሁን የአሮጌ ሞተር ጥቅል ማን ይለያል? ብረቱም አቃቂ ወይ ዱከም ወርዶ ምድጃ ውስጥ ከ1,500 ዲግሪ በላይ ከጋለ በኋላ ፌሮ ሆኖ ይወጣል። ማን ያውቃል፣ አምና ለሰርቪስ ቤቱ የገዛሁት ፌሮ ውስጥ ያ ክዳን ይኖርበት ይሆናል።

ኬንያዎች በጥር 2014 ምሰሶ ወድቆ አገራቸው ሲጨልም ተቆጥተው የቁርጥራጭ ብረት ንግድን ከነጭራሹ አገዱ። ጥቂት ወራት ቆይተው እገዳውን አነሱት፤ ከዚያ የሚበላው ሕዝብ ቀላል አይደለማ። እንግሊዞች በ2013 እ.ኤ.አ. ሕጋቸው ነጋዴው ለቁርጥራጭ ብረት በጥሬ ገንዘብ እንዳይከፍል፣ የሻጩንም ማንነት እንዲያረጋግጥ አስገደዱ። ይህኛው ደስ ይለኛል። ግን እስቲ ቆራሌውን፣ ለአንድ ሰባራ ድስት የጎረቤታችንን የእትዬን መታወቂያ ጠይቅና በቴሌብር ክፈል በለው! ሚዛን ቤቱን ልበል ብል፣ እሱም ያለ ደረሰኝ መግዛት የለመደ ነው።

ባለፈው እሑድ እትዬ ከግቢያቸው ወጥተው ጉድጓዱን አዩና «ልጅ ሳይገባበት ያን አሮጌ አልጋ ላጋድምበት እንዴ?» አሉኝ።

«የብረት ነው?» አልኳቸው።

«አዎ፣ የብረት።»

ተያየን። ቅርንጫፉን ትንሽ አቃንተን ወደየቤታችን ገባን።