ነገረ ተረፈ ዶሮ ዘኮዬ ፈጬ

ስለ በዓል ዋዜማ፣ ስለ ቄጠማውና ስለ ጠላው፣ ገበያ ወርዶ ዶሮ በእጅ እየመዘኑ ስለ መከራከር የተነገረው ቃል ተቈጥሮ የማያልቅ ሆኖ ሳለ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ ቤቱ ፀጥ ካለ በኋላ በድስቱ ውስጥ ስለሚቀረው ነገር ሊቃውንቱ ይህን ያህል ዘመን ዝም ማለታቸው ዘወትር ያስደንቀኝ ነበር። እኔም ይህን ጉድለት በመጠኑ ለመሙላት አስቤ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ መንደር፣ አሳንሰር በሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ በ2017 ዓ.ም. በዓለ ትንሣኤና በማግሥቱ ባሉት ቀናት ያደረግሁትን ምርመራ፣ ከራሴ ቤት የደረሰውን አደጋ ሳልሸሽግ፣ ከዚህ ቀጥዬ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። ትርፍ ማለት ምን ማለት ነው ቢሉ፣ ተረፈ ካለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው። አንድም ትርፍ የነጋዴ ነው፤ ከዋናው በላይ የተገኘው። አንድም ትርፍ የድስት ነው፤ እንግዳ ጠግቦ ከተነሣ በኋላ የቀረው። አንድም ትርፍ ማለት የቤት እመቤት ለሁሉ አውጥታ ለራሷ ሳታወጣ የቀረችው ድርሻ ነው፤ ይህ ሦስተኛው ትርጓሜ ከባለቤቴ የተገኘ ሲሆን፣ በተናገረችበት ሰዓት ፊቷ ለክርክር የሚጋብዝ ስላልነበረ ሳይመረመር ተመዝግቧል። በወንጌል እንደ ተጻፈው አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ የተነሣው ቍርስራሽ ዐሥራ ሁለት መሶብ ሞልቶ ነበር፤ የሀገራችን ሴቶችም አንዱን ዶሮ በዐሥራ ሁለት ብልት ይከፍሉታል፤ ይህም በሐዋርያት ቍጥር ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ዐሥራ ሁለቱን ብልቶች በየስማቸው ቍጠሩ ሲባሉ ሁለት እመቤቶች አንድ ዐይነት ዝርዝር ሲሰጡ እስካሁን አልሰማሁም፤ በፈረሰኛው፣ በመላላጫው፣ በቅልጥሙና በክንፉ ሁሉም ይስማማሉ፤ ወደ ጀርባውና ወደ አንገቱ ሲደርሱ ጉባኤው ይፈርሳል።

በጥንቱ ሥርዓት ትርፍ የሚጓዝበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ቍልቍል ነው። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ ግብር በገባ ጊዜ መኳንንቱ አስቀድመው ይቀመጣሉ፤ እነርሱ ሲነሡ ቀጣዩ ማዕርግ ይገባል፤ እንዲህ እየተባለ ተራው እስከ ጭፍራው ይወርዳል። ትርፍ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል እንጂ ዳገት ሲወጣ የታየበት ጊዜ አልነበረም። በኮዬ ፈጬ ግን ትርፍ ደረጃ ይወጣል፤ የዚህ ጽሑፍ አዲስነት ካለ ያለው በዚህ ነው።

የትርፍ ዕድሜ የሚወሰነው ደግሞ ብዙዎች እንደሚገምቱት በፍሪጅ ሳይሆን በባሕረ ሐሳብ ነው። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ የ2018 ዓ.ም. እንቍጣጣሽ ሐሙስ ቀን ስለ ዋለ፣ በዚያ ዕለት የተሠራው ዶሮ ወጥ በማግሥቱ ዓርብ ጾም ጠብቆት ነበርና፣ የዕድሜው ልክ አንድ ቀን ብቻ ሆነ፤ በዚያ ሌሊት በስንት ቤት ስንት ሰው ከዐቅሙ በላይ እንደ በላ መናገር የእኔ ድርሻ አይደለም። ገናና ጥምቀት በረቡዕና በዓርብ ቢውሉ እንኳ ይበላባቸዋል፤ ቢሆንም ሳምንቱ ሳይሞላ ሌላ ረቡዕ ወይም ሌላ ዓርብ ይደርሳል። ፋሲካ ብቻ ከሁሉ የተለየ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ከየካቲት 17 ቀን ጀምሮ ኀምሳ አምስት ቀን የጾመ ምእመን ከሚያዝያ 12 እስከ ሰኔ 1 ቀን፣ ማለት እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ረቡዕና ዓርብ ሳይል በላ፤ ሰኔ 2 ቀን ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ነው ድስቱ የተከደነው። ስለዚህም የፋሲካ ትርፍ በሕግ ረገድ ኀምሳ ቀን የመኖር መብት አለው፤ በጤና ረገድ ስላለው መብት ሐኪም ይጠየቅ።

ወደ ስፍራው እንመለስ። የኮዬ ፈጬ ቤቶች የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣባቸው ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች መካከል ነበሩ፤ ከዕጣው ባለዕድሎችም አንዳንዱ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ በጥበቃ ጠጕሩን ያሸበተ ነው። ከካዛንቺስ የመጣው፣ ከመርካቶ የመጣው፣ ከአራት ኪሎ የመጣው፣ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይተዋወቅ በአንድ ደረጃ ላይ ተደራርቦ ሰፈረ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሰው ከስሙ አስቀድሞ በሳህኑ ይታወቃል። የእያንዳንዱ ቤት ሳህን ከሥሩ ምልክት አለው፤ አንዱ ቤት ክር ያስራል፣ አንዱ በሚስማር ይጭራል፣ የእኛ ነጭ የሸክላ ሳህን ደግሞ ከሥሩ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ተደርጎበታል። ሳህን ወደ ጎረቤት ሲሄድ ሙሉ ነው፤ ሲመለስም ሙሉ መሆን ግዴታው ነው። «ባዶ ሳህን ምን ብዬ ልመልስ» የሚለው ቃል በሕንፃችን ከመተዳደሪያ ደንቡ ይልቅ የተከበረ ሕግ ሲሆን፣ እስካሁን ቅጣት ያልተጻፈለት የጣሰው ሰው ስለሌለ ነው። ከሁለተኛ ፎቅ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋራ ሥጋ ስለማንለዋወጥ ለእነርሱ ድፎ ዳቦ እንልካለን፣ ሳህኑም ሳምቡሳ ይዞ ይመለሳል፤ ይህ በጣም የተሳካ ስምምነት ስለ ሆነ ለሊቅ የሚመረመር ነገር የለበትም፤ አልፈዋለሁ። ስለ ቅርጫም ሆነ ስለ ድርቆሽ አልናገርም፤ ፍርፍር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ያሻዋል።

አሁን ስለ አደጋው። ቅዳሜ ሹር ማታ ወጡ በስሎ፣ ቅቤው ገብቶ፣ መከለሻው ተነስንሶ፣ እንቍላሉ ተጨምሮ፣ በኤሌክትሪኩ ምድጃ ላይ በለስላሳ ሙቀት እየተንፈቀፈቀ ሳለ መብራት ጠፋ። በፋሲካ ዋዜማ የመንደሩ ምድጃ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጣድ ይህ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ባለቤቴ ድስቱን ከድና፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጆቹን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ እኔ ቤት እንድጠብቅ ተሾምሁ። ምድጃው ግን አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው መብራቱ ነው፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መብራቱ ሲመጣ ተገለጠ። በዚያች ሌሊት ጠባቂዎች ተኝተው ነበር መባሉ ከእኔ የጀመረ አይደለም። ሽታው በሕልሜ ዕጣን ሆኖ ታየኝ፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ስትገባ ከደጁ ጀምራ፣ «ምን ሸተተኝ?» አለች፤ የመለስሁላትን ለዚህ ጥናት የሚጠቅም ሆኖ አላገኘሁትም።

እርሷ ግን ልምድ ያላት ሴት ናትና በማማሰያ አልነካካችውም፤ ያረረው ከሥር ተጣብቆ እንዲቀር የላይኛውን በጭልፋ ቀስ እያለች ወደ ሌላ ድስት አሳለፈች። እነሆ በቤታችን ሁለት ድስት ሆነ፤ አንዱ ለሰው የሚሆን፣ አንዱ ለእኛ። ያልሸተተው፣ ፈረሰኛ ያለበት፣ ቅቤው ከላይ የተኛበት ለጎረቤት ተለየ፤ እርር እርር የሚለውን እኛ ገደፍንበት። ኀምሳ አምስት ቀን ለጾመ ሰው እርሱም ቢሆን ይጣፍጣል፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ ባለቤቴም ይህን ጽሑፍ ታነብበዋለች።

የጥናቱ ዋና ማስረጃ የሚመጣው ከዚህ ነው። እንቍላል ከተቀቀለና ከተላጠ በኋላ መረቁ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ በቢላዋ ጫፍ ከላይ ወደ ታች እንደሚሰነጠቅ የታወቀ ነው። በዚያ ቅዳሜ ይህ ሥራ ለዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ተሰጥቷት ስለ ነበር፣ ዐሥራ አንዱን እንደ ሥርዓቱ ሰንጥቃ በዐሥራ ሁለተኛው ላይ ሁለት ዐይንና አንድ አፍ ቀረጸችበት፤ አፉም ፈገግ ያለ ነበር። እናቷ ተቈጣቻት። እንቍላሉ ግን ወጥ ውስጥ ገባ፤ በወጥ ውስጥ ፊት ሁሉ አንድ ነውና ተረሳ።

እሑድ ረፋድ ላይ ለምድር ቤቷ እናት ሳህን ተላከ፤ ከላይ ፈረሰኛ፣ ከጎኑ እንቍላል። «ኧረ ምነው ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ!» ብለው መርቀው ተቀበሉ። ሰኞ ማዕዶት ነው፤ ማዕዶት ማለት መሻገር ነው፤ በዚያ ቀን ከምድር ቤት ወደ አራተኛ ፎቅ፣ ወደ አዲሶቹ ሙሽሮች፣ አንድ ሳህን ሲሻገር በደረጃው ላይ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ውስጡን ግን ክዳን ስለ ነበረው አላየሁም። ማክሰኞ ቶማስ ነው። በዚያ ቀን መብራት ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ስለ ዋለ ፍሪጁ እንደ ቍም ሳጥን ሆኖ ነበርና፣ በቀረን ወጥ ላይ ጥርጣሬ አደረብኝ፤ ካላሸተትሁ፣ ካልቀመስሁ አላምንም ብዬ ስቆም ባለቤቴ፣ «እንግዲያስ እጅህን አግብተህ እይ!» አለችኝ፤ አገባሁ፤ ደህና ነበር። ረቡዕ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የአልዓዛር ቀን ነው፤ እርሱም በአራተኛው ቀን የተነሣው ነው። በዚያው ረቡዕ ማታ ፊት ለፊታችን ያለው ቤት ባለቤት ደጃችንን አንኳኩተው፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ትንሽ ናት፣ ቅመሷት» ብለው ክር የታሰረበት ሳህን ሰጡን። ክዳኑን ሳነሣ ከቅቤው ውስጥ ሁለት ዐይንና አንድ አፍ ተመለከቱኝ፤ አሁንም ፈገግ ይል ነበር።

እሑድ የወጣ፣ በአራተኛው ቀን የተመለሰ። ከዚህ በላይ በዚህ ነገር ላይ አልናገርም።

በማግሥቱ በደረጃው ላይ ባደረግሁት የቃል ምርመራ መንገዱ ተረጋገጠ፤ እንቍላሉ ከእኛ ሦስት ፎቅ ወርዶ፣ ከምድር ቤት አራት ፎቅ ወጥቶ፣ ከሙሽሮቹ አንድ ፎቅ ወርዶ፣ በድምሩ ስምንት ፎቅ ተጉዞ፣ ሳህን እየለወጠ፣ ከተነሣበት በር ሁለት ሜትር በማይርቅ በር በኩል ገብቷል። ፈረሰኛውም አብሮት ነበር። የምድር ቤቷን እናት፣ ስለ ምን አልበሉትም? ብዬ በጠየቅኋቸው ጊዜ፣ የልጅ ጥያቄ እንደ ጠየቅኋቸው ሁሉ በትዕግሥት አይተውኝ፣ «ለሰው የሚሰጥ ነገር ቤቴ እያለ እኔ እንዴት እበላዋለሁ?» አሉ። ሙሽሮቹም ይህንኑ መለሱ፤ ፊት ለፊት ያሉትም ይህንኑ። የፊት ለፊቱን ጎረቤት ታዲያ እርሳቸው ምን በልተው እንደ ሰነበቱ ስጠይቃቸው ጥቂት አፍረው፣ የእርሳቸውም ወጥ በዚያችው ሌሊት ጥቂት እንደ ያዘባቸው ገለጡልኝ፤ ሙሽሮቹ ጨው አብዝተው ነበር፤ በምድር ቤት ደግሞ ሽንኩርቱ ሳይበስል ውሃ ገብቶበት ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የተነሣ ክቡር ብልት አይበላም ብዬ ደምድሜአለሁ። በአንድ ደረጃ ላይ በሚኖሩ ቤቶች ሁሉ መልካሙ ወጥ ለሰው ይለያል፤ ያረረው፣ ጨው የበዛበት፣ ያልበሰለው በጓዳ በዝምታ ያልቃል፤ ለሰው የተለየውም የደረሰው ሰው በተራው ለሰው ይለየዋል። ስለዚህ ፈረሰኛው በፋሲካ ሰሞን ማንም ሳይቀምሰው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ በየደጁም «ኧረ ምነው» እየተባለ ይመረቅበታል። አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ፣ እንዲያ ከሆነ ለአንድ ደረጃ አንድ ዶሮ ይበቃል ማለት አይደለምን? ሲል ተከራክሮኛል። በሒሳብ ልክ ነው። ነገር ግን ለራሱ የሚያሳርረው ወጥ የሌለው ሰው ምን በልቶ ይሰጣል? ብዬ መልሼለታለሁ፤ እስካሁን መልስ አላመጣም።

እንቍላሉን እኔ ልበላው ፈልጌ ነበር፤ ለምርመራ ስል ነው። ባለቤቴ ግን ሐሙስ ጧት ወጡን አሙቃ፣ በእኛው ሳህን ገልብጣ፣ በአጠገባችን ባለው ሕንፃ ለምትኖር አንዲት የዕቁብ ወዳጇ ላከችው፤ ልጃችን እስከ በሩ ሸኝታዋለች። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፍቷል፤ የዕቁብ ወዳጅ የተባለችውም ወዲያው ለሌላ ሰው ማሳለፏን ለመናገር አላፈረችም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከሚያነብቡ የኮዬ ፈጬ ነዋሪዎች መካከል ከሥሩ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ያለበት ነጭ የሸክላ ሳህን በእጁ የሚገኝ ቢኖር፣ ሳህኑ ከስድስቱ አንዱ ነውና፣ እባክዎ ምንም ሳይጨምሩበት ባዶውን ይመልሱልን።