ለክቡር አወያይ፦ ከሰቆጣ የተላከ ምስጋና

ክቡር አወያይ ሆይ፣ እኛ ከድርቁና ከጦርነቱ የተረፍን የዋግ ኽምራ ሰዎች ይህን የምንጽፍልዎ ለገለልተኛነትዎ እጅ ልንነሳ ነው።

አንድ ፖለቲከኛ ስቱዲዮዎ ገብቶ አንድን ሕዝብ በጅምላ «ወራሪ»፣ «መጤ»፣ «ባንዳ» ብሎ ሲጨርስ፣ እርስዎ «አመሰግናለሁ፤ ወደ ሌላኛው ወገን እንለፍ» ይላሉ። ሌላኛው ወገንም የፊተኛውን ሕዝብ በጅምላ ይሰድባል። ሁለት ስድብ በእኩል ደቂቃ! ከዚህ በላይ ምን ሚዛን አለ? «ማንን ማለትዎ ነው? ማስረጃዎስ?» ብለው እንግዳ አለማሳፈርዎም የጨዋ ልጅ መሆንዎን ይመሰክራል።

አያቶቻችን ይህን ሥልጣኔ አላገኙትም። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋች ዋስ ይጠራ ነበር፤ ለቃሉ ማር ወይም በቅሎ ይወራረድ ነበር፤ ከተረታም ይከፍል ነበር። የዋግ ነጭ ማር ደግሞ ውድ ነው፤ ሰው ከመናገሩ በፊት ቀፎውን ያስብ ነበር። በእርስዎ ዘንድ ግን ተናጋሪው ምንም አይከፍልም፤ የታሸገው ውሃ እንኳ በነፃ ነው። ሒሳቡ የሚመጣው ለእኛ ነው። ለምሳሌ አበርገሌ የሚባለው አካባቢ በአማራም በትግራይም በኩል አለ፤ ሕዝቡ በገበያም በጋብቻም የተሳሰረ ነው። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ሲደርስ ግን ስቱዲዮ ውስጥ «እነሱ» እና «እኛ» ተብሎ ካለቀ ቆይቶ ነበር።

የ1997ቱን የምርጫ ክርክር የሚናፍቁ አሉ። ያኔ ሕዝቡ ስለ መሬት ይዞታ የፊት ለፊት ሙግት ሰማ፤ በዚያው ዘመቻ ግን ኢሕአዴግ ተቃዋሚዎቹን ከሩዋንዳው ዘር ጨፍጫፊ ሚሊሻ ከኢንተርሃምዌ ጋር አነጻጸረ። እርስዎ ከሁለቱ ውርስ የትኛውን እንደወሰዱ ግልጽ ነው። ያንኑ ጭፍጨፋ ያቀጣጠለው ሚል ኮሊን ራዲዮ መሥራች ፈርዲናንድ ናሂማና በኅዳር 1996 በአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ መባሉን የሚያነሱብዎ ቢኖሩ፣ አይደንግጡ፤ እሱ የጣቢያ መሥራች ነበር፤ እርስዎ ሰዓት ያዥ ነዎት።

«ጽንፈኞች አይጋበዙ» የሚሉም አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 አለ፤ ማንን ማፈን እንዳለበት የሚወስነው መንግሥት ደግሞ ነገ የሚያፍነው ማንን እንደሆነ አይነግረንም። የታገደውም ሰው ቢሆን ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ፣ የሚጠይቀው ሳይኖር፣ ያሻውን ይናገራል። የእርስዎ መድረክ ከዩቲዩቡ የሚለየው አወያይ ስላለው ነው፤ አወያዩም ከረባት አስሯል።

አንዲት ልመና ግን አለችን። ቀጣዩን ክርክር ሰቆጣ ያዘጋጁልን። ከየወገኑ ቤታቸው የተቃጠለባቸውን ሰዎች ከፊት እናስቀምጣለን፤ ተናጋሪው «መጤ» የሚለውን ሰው ዓይን ለዓይን እያየ ይናገር። ጥያቄ መጠየቅ ከከበደዎት ግድ የለም፤ እነሱ ይጠይቁልዎታል።