የጉርድ ፎቶ አንድምታ

«ጉርድ» ማለት የተቆረጠ፣ የተጎረደ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች በአገራችን አሉ፤ ጉርድ ቀሚስና ጉርድ ፎቶ። ጉርድ ቀሚስ ከወገብ በታች ያለውን ሰው ይይዛል፤ ጉርድ ፎቶ ከደረት በላይ ያለውን። ሁለቱ ቢገጣጠሙ አንድ ሙሉ ሰው ይወጣቸዋል ብሎ ይህ አጥኚ በየዋህነት ሲያሰላ ቆይቶ ነበር። በልኬት ሲረጋገጥ ግን መካከል ላይ አንድ አካል ባለቤት አጥቶ ተገኘ፤ ሆድ።

ነገሩን አቅልሎ የሚያይ ሰው አማርኛውን ያስታውስ። ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ሆደ ቡቡ፤ ሆዱ የቆረጠ፣ ሆድ የባሰው፣ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ የተወ። ሰው ማን እንደሆነ ተጽፎ የሚገኘው እዚያ ነው። ማንነትን ለማረጋገጥ የሚነሡት ፎቶ ግን ይህን ሁሉ ከታች ጥሎ ፊትን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ፊት ደግሞ፣ በተለይ በጎጃም፣ ሆድ የሚያውቀውን እንዳያወጣ ተኮትኩቶ ያደገ አካል ነው።

ጥናቱ የተካሄደው በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ ከተማ፣ በአንድ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ በአንድ የገበያ ቀን ነው። ናሙናው አክስቴ ናቸው። በመካከሉ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ዲያቆንና ከገበያ የገዛትን ዶሮ ያቀፈ ሰውዬ ገብተው ወጥተዋል፤ ዶሮዋ ከናሙናው ተቀንሳለች። አክስቴ ለፋሲካ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ አስበዋል። ለመሳለም ፓስፖርት፣ ለፓስፖርት የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ፣ ለመታወቂያው ጉርድ ፎቶ አስፈለጋቸው። ቅድስት አገር የምትጀምረው እንግዲህ ከፎቶ ቤቱ ዱካ ላይ ነው።

ቦታውም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ደብሮች አንዱ ይኸው ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የሚለምን ተማሪ እዚህ የሚመጣው አንድ ቃል ተናግሮ ሁለት ነገር ማለትን ሊማር ነው፤ ከላይ ሰም፣ ከሥር ወርቅ። የፓስፖርት ፎቶ ሕግ የሚጠይቀው ደግሞ ሰም ብቻ የሆነ፣ ቢቆፈር ምንም የማይወጣበት ፊት ነው። ሁለቱ በአንድ ከተማ እንዴት ይኖራሉ? የጥናቱ ጥያቄ ይህ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ እናሳልፈው። ፓስፖርት ለብዙ ዘመን ፎቶ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1914 ካርል ሎዲ የተባለ ጀርመናዊ ሰላይ ቻርልስ ኢንግሊስ በተባለ አሜሪካዊ ፓስፖርት እንግሊዝ አገር ገብቶ ሲሰልል ተይዞ፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በለንደን ግንብ ውስጥ ተረሸነ። ፓስፖርቱ ላይ መልክ ስላልነበረ ሎዲ ኢንግሊስን ለመሆን የሚያስፈልገው ድፍረት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥታቱ ፎቶ መጠየቅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1920 የመንግሥታቱ ማኅበር ፓሪስ ላይ ባደረገው ጉባኤ የፓስፖርቱ ደብተር አንድ ዓይነት መልክ እንዲይዝ ተመከረ። እ.ኤ.አ. በ1944 ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ቺካጎ ላይ የፈረመችው ስምምነት ዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ወለደ፤ ድርጅቱም ሰነድ ቁጥር 9303 የተባለውን ወለደ፤ ሰነዱም አክስቴ እንዳይስቁ ከለከለ። አንድ ሰላይ ለንደን ላይ በመረሸኑ ደብረ ኤልያስ ላይ አንዲት አሮጊት ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ።

ወደ ሕጉ ንባብ እንግባ። ሕጉ ሲነበብ «ፊት ገለልተኛ ይሁን፤ አፍ ይዘጋ፤ ዓይን ይከፈት» ይላል። ሐተታ፦ ገለልተኛ ይሁን ማለቱ፣ አንድም አትሣቅ ሲል ነው፤ በየአውሮፕላን ማረፊያው የቆመው መሣሪያ ከዓይን እስከ ዓይን፣ ከአፍንጫ እስከ አገጭ ያለውን ርቀት ይለካልና፣ ጉንጭ ከተነሣ ልኩ ይፋለሳል። አንድም አታኩርፍ ሲል ነው፤ ያኮረፈን ሰው ድንበር ጠባቂ ምን ሆነህ ነው ብሎ ይጠይቀዋልና። አንድም የሽማግሌ ፊት ይኑርህ ሲል ነው፤ ሽማግሌ ለከሳሽም ለተከሳሽም በአንድ ፊት ይሰማልና።

ይህ አጥኚ ሦስተኛውን አንድምታ ይመርጣል። በድሮ ፎቶግራፎቻችን ላይ ጥርስ ብርቅ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ሲያነሣም ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሙያውን ሲወርሱ፣ ካሜራው ፊት የቆመው መኳንንት ዳኝነት የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ለማያውቁት ሰው ጥርስ ማሳየት ወይ መቅለል ነው፣ ወይ ገበያ ላይ የታመመ በሬ መሸጥ። ሞንትሪያል ላይ የተቀመጡት የአቪዬሽን ድርጅቱ ሊቃውንት በብዙ ስብሰባ የደረሱበትን ፊት የደብረ ኤልያስ ሰው ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ስለዚህ አክስቴ በፊት ረገድ በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ። ፎቶ አንሺው ልጅ «እማማ፣ ፊትዎ እንዲህ ይሁን፤ ምንም እንዳይነካው» ሲላቸው «ምኑ ነው የሚነካው?» አሉ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

የወደቁት በልብስ ነው። ሕጉ ጀርባው ፈዛዛና ምንም የሌለበት ይሁን፣ መልክ ከጀርባው ይለይ ይላል። ፎቶ ቤቱ አንድ ግድግዳውን ነጭ ቀብቷል። (ሌላኛው ግድግዳ ላይ ጢስ ዓባይ ይወርዳል፤ የሚያገለግለው ለሠርግና ለምረቃ ነው።) አክስቴ ነጭ ነጠላ ተከናንበዋል። ነጭ በነጭ ሲሆን ካሜራው ነጠላውን ግድግዳ አደረገውና፣ በካሜራው መስኮት ላይ የታየው ከአገር ሁሉ ተለይቶ አየር ላይ የተንሳፈፈ አንድ ፊት ብቻ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ሥዕል ይገኛል፤ ክንፍ ግን አለው።

ልጁ ጥቁር ሻርፕ አወጣ። አክስቴ ሻርፑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ማን ሞቶብኝ ነው?» አሉ። ጥቁር የኀዘን ነው፤ በሕይወት ያለ ዘመድን ሁሉ እንደ ማሟረት ይቆጠራል። ነጠላውን ማውረድስ? ሕጉ ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ከተከናነበ ከአገጭ እስከ ግንባር ፊቱ እስከታየ ድረስ ይፈቅዳል፤ አክስቴም ከሕጉ ጋር ሳይመካከሩ እዚያው ደርሰዋል። «ፀጉሬን የማሳየው ለማን ነው?» መጨረሻ ላይ ልጁ ፈዛዛ ሰማያዊ የአልጋ ልብስ አምጥቶ ከጀርባቸው እንድይዝ አደረገኝ። ዶሮ ያቀፈው ሰውዬ አንደኛውን ጫፍ ያዘልኝ። ሰነድ ቁጥር 9303 አልጋ ልብስ የሚይዙ ሁለት ሰዎች ከፎቶው ውጪ እስከቆሙ ድረስ ምንም አይልም።

ስለ ፎቶ ቤቱ ኮት አንድ ነገር ሳይባል ቢታለፍ ጥናቱ ጎዶሎ ይሆናል። በየአገሩ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ፣ የማንም ያልሆነ አንድ ኮት ከአንድ ከረባት ጋር አለ። ከረባቱ ታስሮ ያለቀ ነው፤ በአንገት ይጠለቃል። ኮቱ ከፊት ለሁሉም ልክ ነው፤ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይጠበባል። አርሶ አደሩ፣ አስተማሪው፣ ሙሽራው፣ ከውትድርና የተመለሰው ሁሉ በዚያ ኮት ተነሥቷል። ዛሬ ዛሬ ኮቱን ኮምፒውተር እየተካው ነው፤ ጭንቅላቱ የእርስዎ፣ ትከሻው የሌላ ሰው። በዚህ አጥኚ አስተያየት አሮጌው ኮት ይሻላል። ላብ ነበረው።

ልኬቱም የራሱ ሐተታ አለው። የአገራችን ጉርድ 3 በ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። የፓስፖርቱ ዓለም አቀፍ ልክ 35 በ 45 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከአገጭ እስከ አናት ያለው ፊት ከቁመቱ ከመቶ 70 እስከ 80 እጁን መያዝ አለበት፤ ማለት ከ31.5 እስከ 36 ሚሊ ሜትር። አገጭ የት እንዳለ ይታወቃል። አናት ግን ሹሩባ፣ በላዩ ሻሽ፣ በሻሹ ላይ ነጠላ ሲደረብ የት እንደሚያበቃ አከራካሪ ነው። ልጁ በግምት ቆረጠው። ለዲቪ የመጡት ሁለቱ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ልክ ይዘው ነበር፤ የአሜሪካኖቹ ፎቶ አራት ጎኑ እኩል የሆነ፣ 2 ኢንች በ 2 ኢንች ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮም መነጽር አይፈቀድም። ከተማሪዎቹ አንዱ መነጽሩን ሲያወልቅ ካሜራው የት እንዳለ ጠፋው።

ከዚያ የቀለም ጉዳይ መጣ። ካሜራ ነጭ ግድግዳ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ራሱ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ የሰውየው ፊት ይጠቁራል። ድሮ ፊልሙም እንዲያው ነበር። በኮዳክ ዘመን የቀለም ማስተካከያው ሸርሊ በተባለች ነጭ ሴት ስም በሚጠራ ካርድ ላይ የተመሠረተ ነበርና፣ የእኛ ፊት ሲታተም ወይ ከሰል ወይ ሸክላ ይሆን ነበር። ፎቶ አንሺዎቻችን ይህን በደል በኮምፒውተር ሲክሱ አልፈው ተርፈው ሰዉን ፈረንጅ ያደርጉታል። ልጁ የአክስቴን ፊት ካፈካ በኋላ አንገታቸው ላይ ያለውን ንቅሳት እያየ «እማማ፣ ይቺን ላጥፋልዎት?» አለ። አክስቴ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው «እናቴ በእሾህ ያስወጋችኝን አንተ በጣትህ ልታጠፋው?» አሉ። ልብ ይባል፤ መልክን መለወጥ ሕጉም ይከለክላል። ከሰውነታቸው ሁሉ ለመለየት የሚያገለግል ምልክት ያ ንቅሳት ነው፤ የመታወቂያ ፎቶ እንዲያምር የተፈለገውም እሱኑ በማጥፋት ነው።

የቀረው ዓይን ነበር። ልጁ «አንድ» ሲል አክስቴ ቀና አሉ። «ሁለት» ሲል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ሦስት» ሲል ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ። እንደገና ተጀመረ፤ እንደገና አማተቡ። ሰባት ጊዜ ተደገመ። ዲያቆኑ ነው ምሥጢሩን የፈታው። «ሦስት ድረስ ስትቆጥር» አለው ልጁን፣ «እሳቸው አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ እያሉ ነው የሚጨርሱት።» ልጁ ከዚያ በኋላ ሁለት ላይ አነሣ። ዓይን ተከፈተ፣ እጅ ጉልበት ላይ ነበር፣ ፊት ምንም አይልም። ቅኔ ማኅሌት ቢሆን ኖሮ «ይበል!» ይባል ነበር።

ስምንት ቅጂ ወጣ። ሁለቱ ለመታወቂያ ሄዱ። የቀሩት የሚሄዱበት መንገድ የታወቀ ነው፤ አንዱ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ወጣት ከሆነ አንዱ ከጀርባው «ለመታሰቢያ» ተብሎ ተጽፎበት ለአንዲት ልጅ ይሰጣል። የመጨረሻው ተሸሽጎ ይቆይና ባለቤቱ ሲያርፍ ይፈለጋል። ሌላ ፎቶ የሌለው ሰው ብዙ ነውና ያ 3 በ 4 ጉርድ ተጎትቶ፣ ተለጥጦ፣ ፍሬም ገብቶ ለቅሶ ላይ ይወጣል። አልቃሽ ስለ ደግነቱ፣ ስለ ጨዋታው ስትናገር እሱ ከኮቱ ውስጥ በገለልተኛ ፊት ያያታል።

ፓስፖርቱስ? ለፓስፖርቱ አሻራም ፎቶም የሚወሰደው በቀጠሮው ቀን እዚያው ፓስፖርት ሰጪው ጽሕፈት ቤት ነው። አክስቴ ተቀመጡ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ «እዚህ ጋ ይዩ» አለቻቸው፤ አዩ፤ አለቀ። አንድም አልተቆጠረም። ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ «ታዲያ ያ ልጅ ያን ሁሉ ሰዓት ምን ሲያደርግ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ወዲያው ለፋይዳ መታወቂያ ቢመዘገቡም ነገሩ ያው ነው፤ ፋይዳ አሥር ጣት፣ ሁለት የዓይን ብሌንና ፊት ይወስዳል። ሆድ እዚያም አልተጠየቀም።

ስንመለስ ወደ ፎቶ ቤቱ እንድወስዳቸው አዘዙኝ። ልጁን የተበላሹትን እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ኮምፒውተሩ ላይ ሰባቱን እየደረደረ አሳያቸው፤ አምስተኛው ላይ «ቁም» አሉት። ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ጣቶቻቸው ግንባራቸው ላይ ናቸው፣ ነጠላው ተንሸራቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል፣ ከአልጋ ልብሱ ጫፍ የሰውዬው አውራ ጣትና የዶሮዋ ጭራ ይታያሉ።

«ይቺን በትልቁ አውጣልኝ» አሉ። «ያኛው ለመንግሥት ነው፤ ይቺ ለለቅሶዬ ትሁን።»

ልጁ «ጉርድ ላድርገው እማማ?» አለ።

«ምን በወጣኝ? እስከ ጉልበቴ ነው እንጂ።»

20 በ 30 ሆኖ ወጣ። ከሕጉ ጋር አነጻጽሬዋለሁ፤ ዓይን፣ እጅ፣ ጀርባ፣ ልክ፣ ዶሮ። በየትኛውም ድንበር ተቀባይነት የለውም።